በየበሩ የተደረገው የጠመኔ ምልክት

የመጀመሪያው ድንጋይ የግቢዬን የቆርቆሮ በር ሲመታ እኔ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጬ ነበር። መምህር ጀማል ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ግድግዳው ላይ ከተቀባው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሟል። ተማሪዋ ሐያት ከሰሌዳው አጠገብ ናት፤ ጠመኔው በእጇ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች በሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደርድረዋል። ጎረቤቴ ፋጡማ ገና መግባቷ ስለነበር በሩ ሥር፣ መወርወሪያውን እንደያዘች ቆማለች። ብሩክ ከበሩ ውጪ ነበር፤ ውጪ መኖሩን ግን ያኔ አላወቅሁም።

ይህን ያስቀደምኩት በኋላ ሁሉም የጠየቀኝ ይህንኑ ስለሆነ ነው። ማን የት ቆሞ ነበር? ማንስ ምን ሊያይ ይችል ነበር?

ስሜ ዘነበች ነው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ የተወለድኩትም ያረጀሁትም ድሬዳዋ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በስልክ ኦፕሬተርነት ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖርኩ። የዚያ ሥራ ትልቁ ሕግ የሰሙትን አለመድገም ነው። ሕጉ ከቢሮው ተከትሎኝ ቤቴ ገባ። ጎረቤት ሲጣላ መስኮቴን እዘጋ ነበር። ሰው ስለ ሰው ሲያወራኝ ዝም እላለሁ፤ በዚህም ጨዋ ይሉኝ ነበር።

ባሌ ሞቷል። ልጄ አዳማ አግብታ ትኖራለች። ብሩክ የወንድሜ የተስፋዬ ልጅ ነው። እናቱ በወለደችው በሳምንቱ አረፈች። እኔ ያኔ ልጄን አጠባ ስለነበር አንዱን ጡት ለእሱ ሰጠሁት። «እማ» እያለኝ አደገ። ሲጎለምስ ባጃጅ መንዳት ያዘ፣ ሚስት አገባ፣ ከአሸዋው ዳር ሁለት ክፍል ቤት ሠራ። አሸዋ የምንለው መንደራችንን አልፎ የሚሄደውን ደረቅ ወንዝ ነው። እዚያ ዳር ካርታ ያለው ቤት የለም። ቤት ሊፈርስ ሲል አስቀድሞ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ይደረጋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ዶዘሩ የሚመጣበትን ቀን የሚነግር የለም። ስለዚህ የአሸዋ ዳር ሰው ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው።

ጀማል የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ከገጠሩ ከቢዮ አዋሌ መጥቶ የኋለኛውን ክፍሌን ተከራየ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን በግቢዬ ያስጠና ነበር። እኔም ጥላው ሥር ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያስረዳን አስተማሪ አልነበረም።

ትምህርቱ የሕዝብ ዕድገት ላይ ደርሶ ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ የሩቅ አገር ስለሆነ ልጆቹ አልገባቸው አለ። «በሉ የራሳችሁን መንደር ቁጠሩ» አላቸው። በየቤቱ ስንት ሰው አለ? በዚህ ዓመት ስንት ተወለደ? ስንት ሞተ? ከሌላ ቦታ መጥቶ የገባ ስንት ነው? ለቆ የወጣስ? አንድ ቤት ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ደግሞ የተቆጠረውን ቤት በር በጠመኔ ምልክት እንዲያደርጉበት ነገራቸው። የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ እንዲህ ሲደረግ አይቷል። እሱ ባደገበት ቦታ፣ በር ላይ ምልክት ማለት ቆጠራ ነው፤ ሌላ ፍች የለውም። ልጆቹ የእኔንም በር ምልክት አደረጉበት። እኔ ካርታ አለኝ፤ አይቼው አለፍኩ።

ያን ቅዳሜ ቆጠራቸውን ይዘው መጡ።

«ሐያት፣ ውልደቱን አምጪ» አለ ጀማል።

«አሥራ ሁለት፣ ቲቸር። ግን መንትያ እንደ አንድ ነው እንደ ሁለት የሚቆጠረው?»

«አንቺ ሁለት ዳቦ ገዝተሽ የአንድ ትከፍያለሽ?»

«ባለሱቁ ዘመዷ ከሆነ ትከፍላለች» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቁ።

የመንደሩን ሕዝብ ለስሌት እንዲመች አራት መቶ አሉት። አሥራ ሁለትን ለአራት መቶ አካፍላ በሺህ አባዛችው። ከሺህ ሰው ሠላሳ ተወለደ ማለት ነው። ጥሬ የውልደት ምጣኔ ይባላል አላቸው።

«ለምን ጥሬ ተባለ?» አለች ሐያት።

«ማን መውለድ እንደሚችል ሳይለይ ለሁሉም ስለሚያካፍል። ሽማግሌውም ሕፃኑም ወንዱም እዚያ ውስጥ አለ። ያልበሰለ ስሌት ነው።»

«እንግዲያው እማማ ዘነቡም ውልደቱ ላይ ድርሻ አላቸዋ!»

«እኔን ተዉኝ» አልኳቸው። የዚያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅነው ያኔ ነው።

የሞተው አራት ነው፤ ከሺህ አሥር ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ የፋጡማ ባል ነበር። ከሠላሳው አሥሩ ሲቀነስ ሃያ ይቀራል። ከሺህ ሃያ ማለት ከመቶ ሁለት ነው፤ የተፈጥሮ ዕድገት ይሉታል። እጥፍ የሚሆንበትን ዓመት ለማግኘት ሰባን ለመቶኛው ማካፈል ነው አላቸው፤ ሰባ ለሁለት ሲካፈል ሠላሳ አምስት ይመጣል። በዚህ አካሄድ የመንደሩ ሕዝብ በሠላሳ አምስት ዓመት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

«አሁን የገባውንና የወጣውን ጨምሩበት» አለ ጀማል። ሐያት ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። የገቡ ሃያ፣ የወጡ ስምንት፤ ልዩነቱ አሥራ ሁለት። ከውልደትና ከሞት የተረፈው ስምንት ሲደመር በዓመቱ የጨመረው ሃያ ሰው ሆነ። ከመቶ አምስት። ሰባ ለአምስት፣ አሥራ አራት ዓመት።

«አቦ! በአሥራ አራት ዓመት እጥፍ?» አለ ያው ከኋላ ያለው ልጅ። «ይሄ ሁሉ ሰው የት ሊተኛ ነው?»

ጀማል መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ፋጡማ ገባች። ቀፊራ ገበያ ሎሚና ቲማቲም ነው የምትሸጠው፤ በዚያ ሰዓት ከገበያ ወጥታ አታውቅም። ቅርጫቷን አልያዘችም።

«ወሪያ ጀማል፣ በየበሩ የጻፋችሁት ምንድነው?»

«የቆጠራ ምልክት ነው፣ እትዬ ፋጡማ። ምን ሆነ?»

«አሸዋ ዳር ሰው ተሰብስቧል። ዶዘሩ ሰኞ ይመጣል ተብሏል። ምልክቱን ያደረጉት ያንተ ልጆች ናቸው፣ ማን መቼ እንደመጣ መዝግበው ለሚያፈርሱት ሰጥተዋል እያሉ ነው። ወላሂ ፊታቸው ጥሩ አይደለም። በኋላ በኩል ውጣ።»

«ጠመኔ እኮ ነው! በእጅ ሲነካ ይጠፋል።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእነሱ ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ። ፈገግ ብሎ ነበር። አስረድቼ የማይገባው ሰው የለም ብሎ የሚያምን መምህር ነበር።

ያኔ ነው ድንጋዩ በሩን የመታው።

ፋጡማ መወርወሪያውን ልትዘጋ ሞከረች። በሩ ከነመወርወሪያው ተገንጥሎ እሷን ከግንቡ ጋር አጣበቃት። ስንት እንደነበሩ አላውቅም፤ ግቢው ሞላ። የማላውቃቸው አልነበሩም። በፋሲካ እኔ ቤት የበሉ፣ በረመዳን ፋጡማ ቤት ያፈጠሩ ሰዎች ነበሩ። ዱላ የያዘ አለ፣ ድንጋይ የያዘ አለ። ልጆቹን በሳሎኑ በር እየገፋሁ አስገባኋቸው፤ በኋላው መስኮት ዘለው ወጡ። ሐያት አልሄድም ብላ ነበር፤ በክንዷ ጎትቼ አስወጣኋት።

ጀማል ግን ወደ እነሱ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «ወንድሞቼ፣ ትምህርት ነው! ኑ እዩት፣ ይኸው ሰሌዳው ላይ አለ!»

ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ቀረብ ብሎ አነበበ።

«የገቡ ሃያ ይላል። እነማን ናቸው ሃያዎቹ? እኛ አይደለንም?»

«አዎ፣ ግን—»

መምህር ነውና ለተጠየቀው መለሰ። «ግን» ያለውን የሰማው ሰው የለም።

ብረቱ ከግራው በኩል መጣ። ለቤት ግንባታ የሚውል፣ ክንድ ተኩል የሚሆን ፌሮ ነው። ጀማል ወደ ቀይ ኮፍያው እያየ ስለነበር አላየውም። እኔ ብረቱን ከያዘው እጅ ተነስቼ ትከሻውን፣ ከትከሻው ፊቱን አየሁ። ብሩክ ነበር። ፌሮው የጀማልን ቅንድብና ዓይን አንድ ላይ መታው። ድምፁ እንጨት ሲሰነጠቅ ያለውን ይመስላል። በጉልበቱ ወደቀ፤ በእጁ ፊቱን ሲይዝ ደም በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ። ቀይ ኮፍያው ሆዱን ረገጠው። ሌላው በድንጋይ ጀርባውን መታው። ከዚያ እግሩን ይዘው ይጎትቱት ጀመር። ራሱ ከዛፉ ሥር ካለው የድንጋይ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ አየሁ።

«ወደ አሸዋ! ወደ አሸዋ!» ይላሉ።

ከግቢው ከወጣ በሕይወት እንደማይመለስ ገባኝ።

ከእኔ የቀደመችው ፋጡማ ናት። ከግንቡ ሥር ተነስታ በደረቷ ላዩ ላይ ወደቀችበት። በሶማልኛም በኦሮምኛም በአማርኛም ሰደበቻቸው፤ እናቶቻቸውን በስም እየጠራች ሰደበቻቸው። አንዱ ሊያነሳት ክንዷን ጠመዘዘ። ክንዷ ሲሰበር እኔ ካለሁበት ተሰማኝ። አልተነሳችም። ብሩክ ፌሮውን እንደገና አነሳ። ጀማልን ለመምታት ነው፤ ከብረቱ ሥር ያለችው ግን ፋጡማ ነበረች።

በሕይወቴ ከባሌ በቀር ገላዬን ያየ ወንድ የለም። ሐኪም ቤት እንኳ ሴት ሐኪም ካልሆነች አልገባም። ያን ቀን የቀሚሴን ቁልፍ ከላይ እስከ ወገቤ ፈታሁ። ጡቴን በእጄ አውጥቼ በብሩክና በወደቁት ሰዎች መካከል ቆምኩ።

«ብሩክ።»

ጮክ ብዬ አልነበረም የጠራሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ አይቶኝም ፊቱን አዞረ።

«ይሄን ታውቀዋለህ። በመጀመሪያ ይሄን ምታ።»

«እማ፣ ሸፍኚው።»

«ብረቱን ጣል።»

«እማ በማርያም፣ ሰው እያየ ነው፣ ሸፍኚው!»

«ሰው ይየው። ብረቱን ካልጣልክ ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ። በልጅህም በልጅ ልጅህም ይፋረድህ።»

ከኋላው ያሉት ፊታቸውን እየሸፈኑ ዞሩ። አገራችን ላይ ያረጀች ሴት ጡቷን አውጥታ ከረገመች እርግማኑ አይመለስም ይባላል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይፈራዋል። «አቦ ውጡ! ውጡ፣ ይሄ ለዘር ይተርፋል!» አለ አንዱ። የጀማልን እግር የያዙት ለቀቁ። ብሩክ ፌሮውን ጣለው፤ እግሬ ሥር ተንከባለለ። ከዚያ ሮጠ። ቀይ ኮፍያው ብቻ ከበሩ ተመልሶ የያዘውን ድንጋይ ወረወረ፤ ሰሌዳው መሐል ላይ አረፈ።

ቁልፌን ቆለፍኩ። ሁለቱን ሐኪም ቤት አስገብቼ ማታ ተመለስኩ።

የጀማል ግራ ዓይን አልዳነም። ፋጡማ ክንዷ በጄሶ ታሰረ። ዶዘር በዚያ ሰኞም በሚቀጥለውም አልመጣም። ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ሳይደርስ ሽማግሌዎች ገቡበት፤ ሁላችሁንም ጠይቀን እስክንጨርስ ታገሡ አሉን።

በዚያ ሳምንት ሦስት ሰዎች አነጋገሩኝ።

አንዷ የብሩክ ሚስት ናት። የወለደችውን ልጅ ይዛ መጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ልጆቹ ከቆጠሯቸው አሥራ ሁለት ሕፃናት አንዱ ነው። «እማ፣ ብሩክ ከታሰረ ቤቱን ማን ይጠብቃል? ቀድሞ የሚፈርሰው ባዶ ቤት ነው። አላየሁም ብትይ ምን ይጎድልሻል?» አለችኝ። ሕፃኑ እንቅልፍ እስኪወስደው ያዝኩት።

ፋጡማ ደግሞ እንዲህ አለች። «ዘኒ፣ እኔም አይቼዋለሁ። ግን ያንቺ ልጅ ነው፤ አንቺ ሳትናገሪ እኔ አልናገርም። ብትናገሪም ባትናገሪም ነገ ጠዋት ሎሚ አመጣልሻለሁ። ቂም የለኝም፣ ወላሂ።»

ጀማልን ሐኪም ቤት ሄጄ አየሁት። ፊቱ ግማሹ በፋሻ ተሸፍኗል።

«እማማ ዘነቡ፣ ማን እንደሆነ ያውቃሉ አይደል?»

የያዝኩለትን ምግብ አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ለበቀል አይደለም። ቢዮ አዋሌም ብመለስ ወደዚህ መምጣቴ አይቀርም። መንገድ ላይ ስሄድ ለማን ጀርባዬን መስጠት እንደምችል ማወቅ እፈልጋለሁ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምን ተለወጠ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምመልሰው ብዙ አይደለም። ሰዎች የሚያወሩት ስለ ጡቴ ነው። ታክሲ ውስጥ እንኳ «ያቺ ሴትዮ» ሲሉ እሰማለሁ። ያን ማድረግ አልከበደኝም፤ ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። የከበደኝ ከዚያ በኋላ የነበረው ሳምንት ነው። ሰው ለመጮህ ድፍረት ይፈልጋል ይላሉ። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ የሚወዷችሁ ሰዎች ሻይ ቀድተውላችሁ እየጠበቁ፣ አንድ ስም መጥራት ግን ከጩኸቱ እጅግ ይከብዳል። ይህን ሳላውቅ ነው ያረጀሁት። ዝምታዬን ጨዋነት ሲሉልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ዝምታ ካለ ማንን እንደሚሸፍን ተመልከቱ።

ሐያት አንድ ቀን መጥታ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ድንጋዩ የመታው ቦታ ተፈልጧል፤ ቁጥሮቹ ግን ይነበባሉ። «እማማ ዘነቡ፣ የተደበደበ ሰው ስሌቱ ውስጥ የት ነው የሚገባው?» አለችኝ። «አልተወለደም፣ አልሞተም።» ጣቷን ቁጥሮቹ ላይ አድርጋ፣ «ቲቸር ወደ ቢዮ አዋሌ ከተመለሰ የወጡት ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ዘጠኝ ይሆናሉ» ብላ ራሷ መለሰች። ለምን እንደወጣ የሚጻፍበት ቦታ ግን ሰሌዳው ላይ የለም። ልጅቷ ፈተናዋን አልፋለች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት።

የቀረኝ የሽምግልናው ቀን ነው።

በአንዱ ሽማግሌ ቤት ነበር የተሰበሰብነው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ ተስፋዬ ከአጠገቤ፣ ብሩክ ከአባቱ ኋላ። ጀማል በደኅናው ዓይኑ እኔን እንዲያይ ጎኑን አዙሮ ከፊቴ ተቀመጠ። ፋጡማ የተሰበረ ክንዷን ታቅፋለች።

ሽማግሌው ጀመሩ። «የመታው ሕዝብ ነው። ሕዝብ አይታሰርም። የሕክምናውን መንደሩ ያዋጣል፣ ይቅር ተባባሉ፣ ነገሩም እዚሁ ይለቅ። ወይዘሮ ዘነበች፣ አንቺ ግቢው ውስጥ ነበርሽ። ለይተሽ ያየሽው ሰው አለ?»

ተስፋዬ እጄን ይዞ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «እህቴ፣ አስቢበት። ጡትሽን ያወጣሽው ልጅሽ ስለሆነ አይደለም?»

«ልጄ ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ አሁን ልትቀብሪው ነው?»

«አልሞተም፣ ተስፋዬ። የሞተም የለም። ዓይኑ የጠፋው ሰውዬ ግን ማን እንደመታው ይጠይቃል።»

«እማ» አለ ብሩክ ከአባቱ ኋላ። እኔም ዞሬ አላየሁትም፤ ባየው ኖሮ አልችልም ነበር።

ወደ ጀማል ተመለከትኩ።

«ብሩክ ነው» አልኩት። «በግራህ በኩል ቆሞ ነበር። ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ሁለተኛ ሊመታህም አንስቶ ነበር።»

ወንድሜ እጄን ለቀቀው። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ፣ በር ላይ ጫማዬን አደረግሁ፣ ወጣሁ።